የጥቁር ቀለም ልክ
በማት ወረቀት ላይ ስለሚታተም ጥልቅ ጥቁር በቁስቋም የተነገረ ዲስኩር



ዛሬ በዚህ በጎንደር በቁስቋም ኮረብታ ሥር ተሰብስበን የምንነጋገርበት ጉዳይ፣ ላይ ላዩን ለሚመለከተው ሰው፣ ጥቂት የእጅ ባለሙያዎችን ብቻ የሚነካ ይመስለው ይሆናል፤ ነገር ግን የዚህን አገር መጻሕፍትና ሥዕላት፣ ከአባቶቻችንም የተረፉትን አሮጌ ፎቶግራፎች በወረቀት አትሞ ለልጅ ልጅ ለማቆየት የሚያስብ ሁሉ ዛሬ ባይሆን ነገ ይህን ጥያቄ መጋፈጡ ስለማይቀር፣ በሰፊው ልናገርበት ወድጃለሁ። ጥያቄውም ይህ ነው፤ ማት በሚባል፣ ብርሃን በማያንጸባርቅ፣ ከጥጥ በተሠራ የሥዕል ወረቀት ላይ፣ ጥቁሩ በእውነት ጥቁር ሆኖ ይታይ ዘንድ ማተሚያው እንዴት ሆኖ መታዘዝ ይገባዋል?

ለዚህ ጥያቄ በየማተሚያ ቤቱና በየፎቶ ቤቱ አዘውትሬ የምሰማው መልስ፣ ጥቁሩ ከደከመ ቀለሙን ጨምር የሚል ነው። እኔ ግን በዚህ ንግግሬ ሁሉ የምከራከርለት አሳብ ከዚህ የራቀ ነው፤ ይኸውም፣ በማት ወረቀት ላይ የጥቁር ጥልቀት የሚገኘው ከቀለሙ ብዛት ሳይሆን ከቀለሙ ልክ ነው፤ ልኩ ሲታለፍም ጥቁሩ ራሱ ይደክማል፣ በአጠገቡ የሚኖሩት የጥላ ደረጃዎችም ተውጠው ይጠፋሉ የሚል ነው።

የቆምንበት ስፍራ ለዚህ ነገር እንግዳ አይደለም። አፄ በካፋ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፣ በዚህ ንግግር የምጠራውም ዘመን ሁሉ እንዲሁ ነውና፣ በ1730 ካረፉ በኋላ፣ ለልጃቸው ለዳግማዊ ኢያሱ እንደራሴ ሆነው መንግሥቱን የመሩት እቴጌ ምንትዋብ፣ ቅድስት ድንግል ከልጇ ጋር በስደት ያረፈችበትን የግብጽን ደብረ ቁስቋም አስበው፣ በዚህ ኮረብታ ላይ ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ከነቤተ መንግሥቱ ሲያሠሩ፣ ደብር ያለ መጻሕፍት አይቆምምና ከግንበኛውና ከሠዓሊው ጋር የቁም ጸሐፊውም ብርዕ አብሮ ይሠራ ነበር። ስኮትላንዳዊው መንገደኛ ጄምስ ብሩስ በ1770 ጎንደር ደርሶ በዚሁ በቁስቋም በእቴጌይቱ ጥላ ሥር ተቀምጧል፤ ወደ አገሩም ሲመለስ ይዟቸው ከሄደው የብራና መጻሕፍት መካከል የመጽሐፈ ሄኖክ ቅጂዎች ይገኙበታል። ከዚያ በኋላ አፄ ቴዎድሮስ ከጎንደር አብያተ ክርስቲያናት ብዙ መጻሕፍት ወደ መቅደላ አስወሰዱ፤ በ1868 የእንግሊዝ ጦር መቅደላን ሲይዝ ከ300 የሚበልጡት ወደ ለንደን ተጓዙ፤ በ1888 ደግሞ የሱዳን ድርቡሾች ጎንደርን ሲያቃጥሉ ቁስቋምም ከእሳቱ አልተረፈም።

እንግዲህ የአያቶቹን መጽሐፍ ማየት የሚሻ የጎንደር ልጅ ዛሬ ብዙውን ጊዜ የሚያገኘው ብራናውን ራሱን ሳይሆን የብራናውን ሥዕለ ብርሃን ነው። በለንደን የሚገኘው የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት ከኢትዮጵያ መጻሕፍት ብዙዎቹን በዲጂታል አንሥቷል፤ በ2018ም ስለ ኢትዮጵያ ጸሐፍትና ስለ ብራና ሥራቸው ዐውደ ርእይ አቁሟል። መጻሕፍቱ ወደ ደብራቸው ይመለሱ ዘንድ የሚደረገው ክርክር ትክክለኛ ክርክር ነው፣ እኔም በሙሉ ልቤ ከዚያ ወገን ነኝ፤ እስከዚያው ድረስ ግን በእጃችን ያለው ምስል ነው፤ ምስሉንም በሚያብረቀርቅ ርካሽ ወረቀት ላይ፣ ጥቁሩ ግራጫ፣ ቀዩ ቡናማ ሆኖ ማተም፣ በሩቅ አገር ተይዞ ያለውን መጽሐፍ በገዛ አገሩ ደግሞ ማዋረድ ይመስለኛል። ለዚህ ሥራ ማት የጥጥ ወረቀትን የምመርጥበት ምክንያት የብራናው ገጽ እንደ መስተዋት ብርሃን የማይመልስ፣ ዓይንን የማይወጋ ስለ ሆነ ነው።

በቁስቋም የጻፈው ያ ቁም ጸሐፊ የሠራበት ጥቁር ቀለም ከምን እንደሚበጅ የሚያውቁ አባቶች ዛሬም አሉ። ጥላሸት ይሰበሰባል፣ እስኪከስል የተቆላ እህል ይጨመርበታል፣ የግራር ሙጫና ውሃ ገብቶበት በድንጋይ ላይ እየተፈጨ ይልማል፣ ከዚያም እስኪበስል ብዙ ጊዜ ይቆያል። የዚህ ሁሉ ፍሬ ነገር ካርቦን ነው። የአውሮፓ ጸሐፍት ለብዙ መቶ ዓመታት ከብረት ጨውና ከዛፍ እባጭ ያበጁት የነበረው ቀለም ውሎ አድሮ ወረቀቱንና ብራናውን ሲበላ፣ ጥላሸቱ ግን ከብራናው ጋር ጠብ የለውም፣ ብርሃንም አያደበዝዘውም። ዛሬ በማተሚያ ካርትሪጅ ውስጥ ማት ብላክ ተብሎ የሚሸጠው ቀለም ጥቁረቱን የሚያገኘው ከዚሁ ከካርቦን ነው፤ የግራሩን ሙጫ ሰው ሠራሽ ማጣበቂያ ተክቶት፣ የድንጋዩን ልመት የፋብሪካ ወፍጮ እጅግ አልቆት ነው እንጂ ዘሩ አንድ ነው። ልዩነቱ የሚመጣው ቀለሙ ከሚያርፍበት ገላ ነው። በብራና ላይ ቀለሙ ከቆዳው በላይ ተቀምጦ ይደርቃል፤ በሥዕል ወረቀት ላይ ግን ወረቀቱ የተቀባው ነጭ ሽፋን ቀለሙን ወደ ውስጥ ይጠጣዋል፤ ምን ያህል መጠጣት እንደሚችል ደግሞ ወሰን አለው። ነገራችን ሁሉ የሚዞረው በዚህ ወሰን ዙሪያ ነው።

የኅትመት ሊቃውንት የጥቁርን ጥልቀት የሚለኩት ዴንሲቲ በሚሉት መስፈርት ነው፤ ይህም በወረቀቱ ላይ ካረፈው ብርሃን ምን ያህሉ ተመልሶ ወደ ዓይናችን እንደሚመጣ በሎጋሪዝም የሚናገር ቁጥር ነው። ጥሩ ማት የጥጥ ወረቀት በሚገባ ሲታተም ጥቁሩ 1.6 ወይም 1.7 ገደማ ይደርሳል፤ ይህም ማለት ካረፈበት 100 እጅ ብርሃን ከ2 እስከ 2.5 እጁ ይመለሳል ማለት ነው። የሚያብረቀርቅ ጥሩ የፎቶ ወረቀት ግን 2.3 እና ከዚያም በላይ ይደርሳል፤ የሚመለሰውም ብርሃን ከግማሽ እጅ አይበልጥም። የዚህ መንሥኤ የቀለሙ ስንፍና አይደለም። የሚያብረቀርቀው ወረቀት ገጹ ለስላሳ ስለ ሆነ ከላዩ የሚመለሰውን ብርሃን ሁሉ ወደ አንድ አቅጣጫ ይሰደዋል፣ ተመልካቹም ከዚያ አቅጣጫ ፈቀቅ ሲል የሚያየው ጥቁሩን ብቻ ነው፤ የማት ወረቀት ገጽ ግን በጥቃቅን ጉድጓድና ጉብታ የተሞላ ስለ ሆነ ብርሃኑን ወደ ሁሉም ወገን ይበትነዋል፣ ከዚያም ጥቂቱ ሁልጊዜ ወደ ዓይን ይደርሳል። ስለዚህ ማት ወረቀት ላይ የሚያትም ሰው የሚያብረቀርቀውን ወረቀት ጥቁር የሚመኝ ከሆነ ተፈጥሮ ያልሰጠውን ይመኛል፤ ሊመኝና ሊጥርለት የሚገባው፣ ወረቀቱ ሊሰጥ የሚችለውን 1.7 እንጂ በስንፍና የሚገኘውን 1.3 እንዳያትም ነው። በ1.3 ላይ የሚመለሰው ብርሃን 5 እጅ ነውና፣ ያ ጥቁር በማንም ዓይን ግራጫ ነው።

ወደ መሣሪያው ልግባ። በፒግመንት፣ ማለትም በደቃቅ የቀለም ቅንጣት የሚያትሙት የፎቶ ማተሚያዎች ሁለት ዓይነት ጥቁር ይይዛሉ፤ አንዱ ፎቶ ብላክ ሲባል ለሚያብረቀርቁ ወረቀቶች ነው፣ ሁለተኛው ማት ብላክ ሲባል ለማት ነው። ፎቶ ብላክ በማት ወረቀት ላይ ሲፈስ ወደ ሽፋኑ ይሰምጥና ከላይ የሚቀረው ጥቂት ስለሚሆን ገርጥቶ ይታያል፤ ማት ብላክ ግን በርካታ የካርቦን ቅንጣት ተሸክሞ ከገጹ አቅራቢያ ይቀራል። ወደ እኔ ከሚመጡት የደከሙ ኅትመቶች አብዛኞቹ የታተሙት በተሳሳተው ጥቁር ነው። ባለቤታቸው ቀለሙን በስም አልመረጠም፤ ማተሚያውን ከኮምፒዩተር በሚያዘው መርሐ ግብር፣ በድራይቨሩ ውስጥ የወረቀቱን ዓይነት ሲመርጥ የሚያብረቀርቅ ወረቀት ስም ስለ መረጠ፣ ማተሚያው በዚያው ተመርቶ ፎቶ ብላኩን አወጣ። እንደ ኤፕሰን ፒ800 ባሉት ማተሚያዎች ሁለቱ ጥቁሮች በአንድ መስመር ስለሚያልፉ፣ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዛወር መስመሩ ይታጠባል፣ ቀለምም ይጠፋል፤ ከማት ወደ ፎቶ ሲመለስ የሚጠፋው ደግሞ ይበልጣል፤ ስለዚህ ባለሙያው የማት ሥራውን ሰብስቦ በአንድ ጊዜ ቢያትም ይበጀዋል። በ2020 የወጣው ፒ900ና የካነን ፕሮ1000 ግን ለሁለቱም የየራሳቸው መስመር አላቸው። በፒ900 ላይ ካርቦን ብላክ የሚል ምርጫ ያየ ሰው ለማት ወረቀት የተሠራ መስሎት እንዳይፈልገው እነግረዋለሁ፤ ያ የሚያገለግለው ለሚያብረቀርቅ ወረቀት ነው።

የወረቀት ዓይነት ምርጫው ጥቁሩን ብቻ አይወስንም፤ ከሁሉ የሚበልጠው ሥራው በእያንዳንዱ ቦታ ላይ የሚፈሰውን የቀለም መጠን መወሰኑ ነው። በኤፕሰን ድራይቨር ውስጥ ቬልቬት ፋይን አርት፣ ወተርከለር ፔፐር ራዲያንት ዋይት፣ አርካይቫል ማት የተባሉት ስሞች የኩባንያው የራሱ ወረቀቶች ስሞች ናቸው፤ በእኛ እጅ ያለው ወረቀት ከ1584 ጀምሮ ወረቀት ሲሠራ የኖረው የጀርመኑ ሃነሙለ የሚያወጣው ባለ 308 ግራም ፎቶ ራግ ሊሆን ይችላል፣ ስሙም በዝርዝሩ ላይ የለም። ያን ጊዜ ስሙን ሳይሆን የሚፈስሰውን ቀለም ነው መምረጥ ያለብን። የወረቀቱ ፋብሪካ ፕሮፋይል ከተባለው የቀለም መግለጫ ፋይል ጋር በሚሰጠው መመሪያ የትኛው ምርጫ እንደሚስማማ ይጽፋልና መጀመሪያ እርሱን ማንበብ ይገባል፤ ነገር ግን ወረቀቱ ከየት እንደ መጣ በማይታወቅበት፣ መጠቅለያው በጠፋበት አገር፣ ባለሙያው ራሱ መፈተን አለበት።

ፈተናውን እንዴት እንደማደርገው ልንገራችሁ። አንድ ገጽ አዘጋጃለሁ፤ በላዩ ከ5 በመቶ ጀምሮ እስከ 100 በመቶ የሚወጡ የጥቁር ደረጃዎች ይሰለፋሉ፤ ከጨለማው ጫፍ ግን ከ90 እስከ 100 ያሉትን አንድ በአንድ አስቀምጣለሁ፣ ነገሩ የሚፈረደው በዚያ ነውና። ከሥራቸው አንድ ሰፊ ድፍን ጥቁር መደብ አኖራለሁ፤ በመደቡም ውስጥ ነጭ የግእዝ ፊደላት በደቃቁ እጽፋለሁ። ይህን ገጽ የቀለም ማስተካከያውን ሁሉ ዘግቼ፣ በተለያዩ የወረቀት ምርጫዎች፣ በእያንዳንዱም ምርጫ ከለር ዴንሲቲ የተባለውን መቆጣጠሪያ አንድ ጊዜ በዜሮ፣ አንድ ጊዜ በጥቂት ጨምሬ፣ አንድ ጊዜም ቀንሼ አትማለሁ። በአውሮፓ የተዘጋጁት የፈተና ገጾች በላቲን ፊደል የተሞሉ ናቸው፤ የእኛ ፊደል ግን ለዚህ ፈተና ከነርሱ ይልቅ ጨካኝ ዳኛ ነው፤ የመ ሁለት ዓይኖች፣ የው ቀለበት፣ የፀ መካከል፣ የቋ ቅጥያ፣ እነዚህ ሁሉ የሚሣሉት በቀጫጭን ነጭ መስመሮች ነውና፣ ቀለሙ ከልኩ አልፎ መፍሰስ ሲጀምር ከሁሉ አስቀድመው የሚዘጉት እነርሱ ናቸው። የነጩ ው ቀለበት ሲዘጋ፣ ቀለሙ በዝቷል ማለት ነው፤ ሌላ መሣሪያ አያሻም።

ከዚያ ገጾቹን ካደረቅሁ በኋላ ድፍኑን ጥቁር አነጻጽራለሁ። የዴንሲቲ መለኪያ ያለው ሰው በቁጥር ያየዋል፤ የሌለው በመስኮት ብርሃን ጎን ለጎን ቢያስቀምጣቸው ዓይን ልዩነቱን በደንብ ያውቃል። ቀለሙ ሲጨመር ጥቁሩ እየጠለቀ ይሄዳል፤ ወደ አንድ ቦታ ሲደርስ ይቆማል፤ ከዚያም አልፎ ሲጨመር ወይ ባለበት ይቀራል ወይ ይባስ ብሎ ወደ ኋላ ይመለሳል፤ ምክንያቱም ሽፋኑ ከጠገበ በኋላ የሚፈሰው ቀለም ተዘባርቆ እንደ ደመና ዝንጉርጉር ይሆናል፣ ወረቀቱም ያብጣል፣ በሚያልፈው ማተሚያ ራስ ይታሻል። እኔ የምመርጠው ጥቁሩ መጥለቁን ካቆመበት ቦታ ትንሽ ዝቅ ያለውን ነው። በዚያ ነጥብ የሚቀርብን ጥልቀት ዓይን የማይለየው ኢምንት ነው፤ የምናገኘው ግን የ96ና የ98 ደረጃዎች ተለይተው መታየታቸው ነው። ጥራቱን በሚመለከት 1440 ነጥብ በኢንች ለማት ወረቀት ይበቃል ብዬ አምናለሁ፤ የወረቀቱ ጸጉር ራሱ ከዚያ የበለጠውን ረቂቅነት ይውጠዋልና፤ ሃይ ስፒድ የተባለውን ግን ድፍን ጥቁር በሚበዛበት ሥዕል ላይ ማጥፋት ይሻላል፤ ያን ጊዜ የማተሚያው ራስ ወደ አንድ ወገን ብቻ ሲሄድ እያተመ መስመር የመታየቱን ነገር ይቀንሳል።

ይህ ከተወሰነ በኋላ ብቻ ነው ፕሮፋይል የሚሠራው ወይም የሚመረጠው። ቅደም ተከተሉን የምጫነው በምክንያት ነው፤ ፕሮፋይል ማለት ይህ ማተሚያ፣ በዚህ ቀለም፣ በዚህ ወረቀት፣ በዚህም ምርጫ ላይ ምን እንደሚያወጣ የተጻፈ የምስክርነት ቃል ስለ ሆነ፣ ከፕሮፋይሉ በኋላ ዴንሲቲውን ከፍ ያደረገ ሰው ምስክሩ ያላየውን ነገር እንዲመሰክር ያስገድደዋል። ጥቁሩ እንዲበረታ ብሎ በፋብሪካው ፕሮፋይል ላይ የቀለም መጠን መጨመር፣ የቀዩንና የቢጫውን ኅብር ጭምር ያበላሻል።

በፎቶሾፕም ሆነ በላይትሩም ውስጥ ሲታተም ማተሚያው ሳይሆን መርሐ ግብሩ ቀለሙን እንዲያስተዳድር ይደረጋል፤ በድራይቨሩ ያለው የቀለም ማስተካከያም ይዘጋል፤ ሁለቱ በአንድ ጊዜ ከሠሩ ኅትመቱ ሁለት ጌታ ያለው አገልጋይ ይሆናል። ቀጥሎ የሚመጣው የአተረጓጐም ምርጫ፣ ማለትም የፋይሉ ቀለማት ወደ ወረቀቱ አቅም እንዴት እንደሚዛወሩ የሚወስነው ነው። በኮምፒዩተር ፋይል ውስጥ ጥቁር ማለት ፍጹም ዜሮ ነው፤ የማት ወረቀት ጥቁር ግን በብርሃን መለኪያው ከ0 እስከ 100 ባለው ስፍር 16 ወይም 18 ገደማ ላይ ነው የሚቆመው። በዜሮና በ16 መካከል በፋይሉ ውስጥ ያሉት የጥላ ደረጃዎች ሁሉ ወዴት ይሂዱ? ብላክ ፖይንት ኮምፐንሴሽን የተባለው ምርጫ ከተዘጋ ሁሉም በአንድ ጥቁር ላይ ይከመራሉ፤ የታችኛው እርከኑ በምድር ተቀብሮ የቀረ መሰላል ይሆናል። ምርጫው ሲከፈት ግን የፋይሉ ዜሮ በወረቀቱ ጥቁር ላይ ያርፋል፣ የቀሩትም ደረጃዎች ከዚያ በላይ እየተጠጋጉ በየተራቸው ይሰለፋሉ። ስለዚህ ከአተረጓጐም ምርጫዎቹ ሬላቲቭ ኮሎሪሜትሪክ የተባለውን ከዚህ ማካካሻ ጋር እመርጣለሁ፤ ፐርሴፕችዋል የተባለውንም ኅብሩ እጅግ ለበዛ ሥዕል አልንቀውም።

ደረጃዎቹ ሲጠጋጉ ጥላው እንዲደበዝዝ ግድ ነውና፣ ከማተም በፊት በጥላው አካባቢ ንጽጽሩን በእጅ ማበርታት ያሻል። ይህን የሚያደርግ ሰው የማሳያው ብርሃን ከ80 እስከ 120 ካንዴላ በካሬ ሜትር መካከል እንዲሆን ዝቅ ማድረግ አለበት፤ ማሳያው እንደ ቀትር ፀሐይ ደምቆ እያለ የተስተካከለ ምስል በወረቀት ላይ ጨለማ ሆኖ መውጣቱ አያስገርምም፤ ብዙ ሰው በማተሚያው ላይ የሚያማርረው ጥፋት ከዚህ የመጣ ነው።

እስካሁን ስለ ድፍን ጥቁር ብዙ ተናገርሁ፤ ዋናው ጸጋ ግን በአጠገቡ ባሉት ጥላዎች ነው። ዳግማዊ የጎንደር ስልት እየተባለ የሚጠራው፣ በእቴጌ ምንትዋብ ዘመን በቤተ መንግሥቱ አካባቢ ያበበው የሥዕል ስልት፣ ከቀደመው የሚለየው ፊትንና እጅን በጥላ እያለዘበ በመቅረጹ፣ ዳራውንም ከቢጫ ወደ አረንጓዴ ወይም ወደ ቀይ ቀስ በቀስ በማሻገሩ ነው። በጣና ሐይቅ በደቅ ደሴት በናርጋ ሥላሴ፣ እቴጌይቱ ራሳቸው ባሠሩት ቤተ ክርስቲያን፣ በእመቤታችን እግር ሥር ወድቀው የተሣሉበትን ሥዕል ያየ ሰው፣ ከልብሱ እጥፋት ውስጥ ያለው ጨለማ አንድ ወጥ ጨለማ እንዳልሆነ ያውቃል። እንዲህ ያለውን ሥዕል በፎቶግራፍ አንሥቶ በማት ወረቀት ላይ የሚያትም ባለሙያ፣ ጥቁሩን አጠልቃለሁ ብሎ እጥፋቱን ካጠፋ፣ ሠዓሊው ወደ ተወው ወደ ቀደመው ዘመን መልሶታል።

ኅብር በሌላቸው ምስሎች፣ ማለትም ለአፄ ምኒልክ ቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ ያነሡት አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያንና ልጆቻቸው ሃይጋዝና ቶርኮም ባወረሱን ዓይነት፣ እንዲሁም በየቤታችን ሣጥን ውስጥ ባሉት የሠርግና የክርስትና ፎቶዎች ላይ፣ መንገዱ ሌላ ነው። የኤፕሰኑ አድቫንስድ ብላክ ኤንድ ዋይት የተባለው ዘዴ ምስሉን በአብዛኛው በጥቁሩና በግራጫዎቹ ቀለሞች ብቻ ስለሚያትም፣ ብዙ ጊዜ ከቀለም ፕሮፋይሉ የጠለቀ ጥቁርና ከአረንጓዴም ከሐምራዊም ነጻ የሆነ ግራጫ ይሰጣል። የቃና ምርጫው ሲከፈት ዳርከር ላይ ቆሞ ይገኛል፤ ለማት ወረቀት ከዚያ ማለፍ አያስፈልግም፤ ለአሮጌ ፎቶ ጥቂት ሞቅ ያለ ቃና መስጠትን እወዳለሁ፣ ሴፒያውን ግን እተወዋለሁ፤ ያልነበረ እርጅና ይጨምርበታልና። ከዚህም የበለጠ ሥልጣን የሚፈልግ፣ የእያንዳንዱን ቀለም ወሰን በገዛ እጁ የሚያስቀምጥበት ኳድቶን ሪፕ የተባለ መርሐ ግብር አለ፤ ትዕግሥት ላለው ሰው ታላቅ ትምህርት ቤት ነው።

በዚሁ ወገን የሚቆጠር አንድ ከባድ ጉዳይ አለ። በ1973 በተጀመረው የኢትዮጵያ የብራና መጻሕፍት ማይክሮፊልም ሥራ ብዙ ሺህ መጻሕፍት በጥቁርና ነጭ ፊልም ተነሥተዋል፤ ቅጂዎቻቸውም በአሜሪካ በሚኒሶታ በኮሌጅቪል ሲጠበቁ፣ ታላቁ ሊቅ ጌታቸው ኃይሌ የዕድሜያቸውን ብዙውን ክፍል ለካታሎጉ ሰጥተዋል። በመጻሕፍታችን የእግዚአብሔር፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን ስም በቀይ ቀለም እንደሚጻፍ ሁላችሁም ታውቃላችሁ። በጥቁርና ነጭ ፊልም ላይ ያ ቀይ ከጥቁሩ ፈዘዝ ያለ ግራጫ ሆኖ ይታያል፤ ልዩነቱም አንዳንድ ጊዜ እጅግ ጥቂት ነው። ከዚህ ፊልም የተቀዳን ገጽ በማት ወረቀት ላይ ቀለም አብዝቶ ያተመ ሰው ሁለቱን በአንድ ጥቁር ያዋሕዳቸዋል፤ አንባቢውም ጸሐፊው በአክብሮት ብርዕ ለውጦ የጻፈውን ስም ከሌላው ቃል መለየት ያቅተዋል። ጥቁሩ ከተገቢው ልክ ትንሽ ሳሳ ቢል እንኳ፣ ይህ ልዩነት ከተጠበቀ ኅትመቱ ታማኝ ነው። መጽሐፉ በቀለም የተነሣ ከሆነ ግን ይህን የጥቁርና ነጭ ዘዴ በፍጹም አትንኩት፤ ለቀዩ ሲባል ሙሉ ፕሮፋይሉ ያስፈልጋል።

ስለ አገራችን አየርና ስለ መብራታችን ጥቂት ልጨምር። ጎንደር ከባሕር ወለል በላይ ከ2000 ሜትር በላይ ትገኛለች፤ በበጋም አየሯ ደረቅ ነው፤ ከካርቦን ቅንጣት የተሠራ ቀለም ደግሞ በደረቅ አየር በማተሚያው ራስ ላይ ቶሎ ይጋገራል። ድፍን ጥቁር ላይ ቀጭን ነጭ መስመር ከታየ ወደ ምርጫዎቹ ከመሄድ በፊት የቀዳዳዎቹን ፈተና ማተም ይገባል፤ አንድ የተደፈነ ቀዳዳ በየትኛውም ምርጫ አይጠገንምና። መብራት በኅትመት መካከል ሲጠፋ የማተሚያው ራስ ወደ መክደኛው ሳይመለስ ክፍት ሆኖ ይቀራል፤ ስለዚህ ትንሽም ብትሆን ማተሚያውን ጨርሶ በሥርዓት ለማጥፋት የምታደርስ ዩፒኤስ ከሌላው መሣሪያ ሁሉ አስቀድማ ትገዛ። ማተሚያው ሳይሠራ ሳምንት እንዳያልፈውም በየጥቂት ቀኑ አንድ አነስተኛ ገጽ ይታተምበት።

የጥጥ ወረቀት ከገጹ የሚላቀቅ ብናኝ አለው፤ ብናኙ ላይ የታተመ ጥቁር ብናኙ ሲረግፍ ነጭ ነጥብ ትቶ ይሄዳል። ወረቀቱ ወደ ማተሚያው ከመግባቱ በፊት በለስላሳ ብሩሽ ቢጠረግ ይህ ሁሉ ይቀራል። ከታተመ በኋላም የማት ጥቁር በጣት ንክኪ ይፋቃል፤ አንዱን ኅትመት በሌላው ላይ ያለ መለያ ወረቀት መደራረብ፣ የሳምንት ሥራ በአንድ ደቂቃ ማጥፋት ነው።

ጥቁሩን ለመፍረድ አትቸኩሉ፤ ቀለሙ በሽፋኑ ውስጥ እስኪረጋ ድረስ አንድ ሌሊትና አንድ ቀን ስጡት፤ እርጥብ ሳለ ያየነው ጥልቀት ሲደርቅ ይለወጣል። ኅትመቱ በተራ መስተዋት ሥር ከገባ በማት ወረቀት ያገኘነውን ጸጋ መስተዋቱ በነጸብራቁ ይወስድብናል፤ ነጸብራቅ የማይሰጥ መስተዋት ውድ ከሆነብን፣ ከመስተዋቱ ይልቅ የሚረጭ መከላከያ መቀባቱን እመርጣለሁ፤ ይህ ጥቁሩንም በጥቂቱ ያጠልቀዋል። ሁለት ኅትመት ስናነጻጽርም በአምፖል ሥር ሳይሆን ፀሐይ በቀጥታ በማይገባበት የቀን ብርሃን እናነጻጽር።

በየኅትመቱ ጀርባ፣ ከኅዳጉ ላይ፣ በለስላሳ እርሳስ፣ የወረቀቱን ስም፣ የተመረጠውን የወረቀት ዓይነት፣ የከለር ዴንሲቲውን ቁጥር፣ የፕሮፋይሉን ስምና ዕለቱን እንድትጽፉ አጥብቄ እለምናለሁ፤ ከ10 ዓመት በኋላ ያንኑ ገጽ ደግሞ ማተም የሚፈልግ ሰው የሚጀምረው ከዚያ ነውና። በእነዚህ ጠረጴዛዎች ላይ ከአንድ ፋይል፣ በአንድ ወረቀት፣ በአምስት ልዩ ልዩ ምርጫ የታተሙ ገጾች ተዘርግተዋል፤ ጀርባቸው ተጽፎበታል። ወደ መስኮቱ እየወሰዳችሁ በመጀመሪያ የው ቀለበት የተዘጋበትን ለዩ፤ ከዚያ በቀሩት ላይ የ96ንና የ98ን ደረጃ ፈልጉ፤ ጥያቄያችሁንም ከዚያ ጀምሬ እቀበላለሁ።